የእሳት አደጋ መኪና እስኪደርስ ድረስ፦ ለሰሜን ሸዋ ነዋሪዎች የአሠራር መመሪያ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አስፋልት 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዝ ደብረ ብርሃን ይገባል፤ ከዚያ ጣርማ በርን ተሻግሮ 190 ኪሎ ሜትር ላይ ደብረ ሲናን፣ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ደግሞ ሸዋ ሮቢትን ያገኛል። ከዚህ መንገድ ወጣ ብለው ያሉት መንዝ፣ አንኮበር፣ ሞረትና ጅሩ፣ መርሐቤቴ በዳገትና በገደል የተከፋፈሉ አገሮች ናቸው። የእሳት አደጋ መኪና በየወረዳው የለም፤ ያለበት ከተማም ቢሆን ከጣቢያው እስከ ሠፈሩ ጠባብ መግቢያ ድረስ ለመድረስ ጊዜ ይወስድበታል። በዚህ ምክንያት አንድ ቤት በተያያዘ ጊዜ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ሥራ የሚሠራው ጎረቤት ነው፤ መኪናው የሚጨርሰው ጎረቤት የጀመረውን ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ያ ጅማሬ በግርግር እንዳይባክን ነው።

ሠፈሩን አስቀድሞ ማዘጋጀት

መጀመሪያ የሚደወልበትን ቁጥር ይወቁ። ብዙ ሰው በቃሉ የያዘው 939 የአዲስ አበባ እሳት አደጋ ቁጥር ነው፤ ደብረ ሲና ወይም መሐል ሜዳ ሆኖ በእሱ መተማመን አይገባም። ወደ ቀበሌው ወይም ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሄደው ለከተማዎ ወይም ለወረዳዎ የሚሠራውን የእሳት አደጋ ቁጥር፣ ከሌለም የአቅራቢያውን ከተማና የወረዳውን ፖሊስ የቀጥታ ስልክ ይጠይቁ። ከእነዚህ ጋር የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የፖሊስ 991 እና የኤሌክትሪክ አገልግሎት 905 በአንድ ወረቀት ላይ በትልቁ ተጽፈው በቆጣሪው ሳጥን አጠገብ ይለጠፉ። በስልክ ውስጥ ብቻ የተመዘገበ ቁጥር ስልኩ ከቤቱ ጋር ሲቃጠል አብሮ ይቃጠላል፤ ስለዚህ ወረቀቱን ንቆ መተው አይገባም።

ቀጥሎ ዕድሩን ያነጋግሩ። በየሠፈሩ ሰው በአንድ ጥሪ የሚሰበስብ፣ ጡሩምባ ነፊ ያለው፣ ድንኳንና ድስት በኃላፊነት የሚያስቀምጥ ማኅበር ከዕድር የተሻለ የለም፤ በእኔ አስተያየት የእሳት ዝግጅት አዲስ ኮሚቴ ከሚቋቋምለት ይልቅ በዕድሩ መተዳደሪያ ደንብ ላይ አንድ አንቀጽ ቢጨመርለት ይበልጥ ይዘልቃል። የሚወሰኑት ጉዳዮች ጥቂት ናቸው። ለእሳት የሚነፋው ጡሩምባ ከለቅሶው ጥሪ የተለየ ይሁን። የሚደውለው፣ አስፋልቱ ዳር ቆሞ መኪናውን የሚመራው፣ መብራት የሚያቋርጠው፣ አቅመ ደካሞችን የሚያወጣው፣ ውኃ የሚያሰልፈው ሰው ማን እንደሆነ ይታወቅ፤ ለእያንዳንዱም ተተኪ ይኑረው፣ ምክንያቱም እሳት የሚነሣው ሰው ሁሉ ገበያ በወጣበት ቀንም ሊሆን ይችላል። ከዕድሩ ዕቃ ጋር ሁለት መሰላል፣ መጥረቢያ፣ አካፋ፣ ዶማ፣ ጫፉ ላይ የብረት መንጠቆ የታሠረበት ረጅም አጠና እና ጠንካራ ገመድ ይቀመጥ። መንጠቆ ያለው አጠና የሳር ክዳን ለመጎተት፣ የጋለ ቆርቆሮ ለመገንጠል የሚተካው የለም።

የውኃው ነገር በስሌት ቢታይ ይሻላል። 5,000 ሊትር የያዘ መኪና በደቂቃ 500 ሊትር ቢረጭ ውኃው በ10 ደቂቃ ያልቃል። ያንኑ ያህል ውኃ በባለ 20 ሊትር ጄሪካን እናምጣ ቢባል 250 ጄሪካን ነው። ስለዚህ መኪናው ተመልሶ የሚሞላበት ቦታ፣ ለምሳሌ የውኃ አገልግሎቱ ማጠራቀሚያ፣ ትልቅ ሮቶ ያለው ሆቴል ወይም ደብረ ብርሃን ላይ እንደ በሬሳ ያለ ወንዝ ዳር መኪና የሚጠጋበት ስፍራ፣ ከወዲሁ ተለይቶ ይታወቅ። በየቤቱ ደግሞ በተለይ ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ደረቅና ነፋሻማ ወራት አንድ በርሜል ውኃ ተሞልቶ ይደር። ጄሪካን አፉ ጠባብ በመሆኑ ውኃው እየተንተከተከ በዝግታ ነው የሚወጣው፤ እሳት ላይ የሚደፋው ባልዲ ወይም አናቱ የተቆረጠ ጄሪካን ሊሆን ይገባል።

የእሳት አደጋ መኪና ስፋቱ ወደ 2.5 ሜትር ይደርሳል፤ ለመታጠፍና በሮቹን ለመክፈት ግን 4 ሜትር ያህል ክፍት መንገድ ይፈልጋል። በመግቢያው ላይ የተከመረ ድንጋይና አሸዋ፣ ወደ መንገድ የወጣ የሱቅ በረንዳ፣ ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለ የመብራት ሽቦ ካለ ነገሩ በሰላሙ ቀን ይስተካከል። በሰላሙ ቀን የሚሠራው ይህ ብቻ አይደለም። ባለሙያዎቹ ባሉበት ከተማ ትምህርት ቤቶች፣ ወፍጮ ቤቶች፣ ሆቴሎችና የእንጨት ሥራ ቤቶች በደብዳቤ ጠይቀው ቦታቸውን ማስመልከት፣ ሠራተኞቻቸውንም በማጥፊያ አጠቃቀም ማሠልጠን ይችላሉ።

ቤት ውስጥ እሳት የሚነሣባቸው ነገሮች

ደጋው ብርድ ነው፤ ከሰልም ከማብሰያነት አልፎ ማሞቂያ ሆኗል። ማንደጃው ከመኝታ ቤት ውጭ ተቀጣጥሎ፣ ጭሱ አልቆ ፍም ብቻ ሲሆን «አሁን አይጎዳም» ተብሎ ይገባል። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። የሚገድለው ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲሆን ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከጠራ ፍም ይወጣል፣ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፣ የተኛን ሰውም ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ስለዚህ ማንደጃ በገባበት ክፍል በርና መስኮት በከፊል ክፍት ይሁን፤ ከመተኛት በፊት ደግሞ ማንደጃው ያለ ምንም ድርድር ከቤት ይውጣ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መዛል በቤቱ ሰዎች ላይ በአንድ ጊዜ ከታየ በሩን ይክፈቱ፣ ሁሉንም ወደ ውጭ ያውጡ፣ 907 ይደውሉ። ለአራስ ቤትና ለሕፃናት ክፍል ይህ ጥንቃቄ እጥፍ ይሁን።

ሁለተኛው ኤሌክትሪክ ነው። የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል፤ ይህም በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ማለት ነው። ለቴሌቪዥንና ለስልክ ቻርጅ የተሠራ ቀጭን ማከፋፈያ ይህን አይሸከምም፤ ሽቦው ውስጥ ውስጡን ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ከዚያ ግድግዳው ይያያዛል። ምጣድ የራሱ ወፍራም መስመርና የራሱ ማቋረጫ ሊኖረው ይገባል። ጋግረው ሲጨርሱ ሶኬቱን በእጅዎ መዳፍ ሳይሆን በጣትዎ ጀርባ ቀስ ብለው ይንኩ፤ ለብ ካለ ባለሙያ ይጥሩ፣ ጠቁሮ ከሆነም ከዚያ በኋላ አይጠቀሙበት። በተደጋጋሚ የሚዘልን ፊውዝ በወፍራም ሽቦ መቋጠር የቤቱን ዘብ እንደ ማባረር ነው። ሌላው በእኛ አገር ብዙ ቤት ያጠፋ ልማድ መብራት ሲሄድ ምጣዱን፣ ምድጃውን ወይም ካውያውን እንደተሰካ ትቶ መውጣት ነው፤ መብራቱ ሲመለስ ቤት ውስጥ ማንም የለም። መብራት ሲሄድ የመጀመሪያው ሥራ ሁሉንም መንቀል ይሁን።

ቡታጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ካፈሰሰ ወለል ላይ ይተኛል፣ በበር ስር ይሄዳል፣ ራቅ ያለ ማንደጃ ጋር ደርሶም ሊቀጣጠል ይችላል። ሽታው ከመጣ ማብሪያ ማጥፊያ አይንኩ፤ የበራውን አያጥፉ፣ የጠፋውን አያብሩ። የሲሊንደሩን ቫልቭ ይዝጉ፣ በርና መስኮት ይክፈቱ፣ ሰው ያስወጡ፣ ስልክም ከውጭ ሆነው ይደውሉ። ጎማው እንደማያፈስ የሚፈተሸው በሳሙና አረፋ ነው፤ አረፋው ከተንቦለቦለ ጎማው ይለወጥ። በክብሪት የሚፈትሹ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ ይህ ፈጽሞ አይሞከር። ሲሊንደሩ ምንጊዜም ቀጥ ብሎ ይቁም።

የላምባ ምድጃ እየነደደ ላምባ አይጨመርበት፤ ላምባና ቤንዚን በተመሳሳይ ጄሪካን አይቀመጡ፣ ምክንያቱም ትንሽ ቤንዚን የተቀላቀለበት ላምባ ምድጃውን እንደ ቦምብ ሊያፈነዳው ይችላል። ለባጃጅና ለሞተር ብስክሌት ተብሎ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ቤንዚንም እንደዚሁ ነው፤ ከመኖሪያው ቤት ውጭ ይውጣ። አረቄ በሚወጣበት ቤት የመጀመሪያው ጠንካራ ፈሳሽ በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ መቀበያው ዕቃ ከምድጃው አፍ ይራቅ፣ መገጣጠሚያው በሚገባ ይመረግ፣ በእንፋሎቱ አጠገብ ኩራዝ አይቀመጥ።

አመድም ይታሰብበት። ጠዋት የተጠረገ አመድ ውስጥ የተደበቀ ፍም ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ የጎረቤት ጭድ ላይ ይደርሳል። አመድ በብረት ዕቃ ይሰብሰብ፣ ውኃ ይፍሰስበት፣ ከዚያ ይደፋ።

ድርቆሽ ለሚከምሩ ከብት አርቢዎች አንድ ነገር ለብቻው መነገር አለበት፤ እሳት ማንም ሳይለኩሰው ይነሣል ቢባል የሚያምን ጥቂት ስለሆነ። ሳሩ በሚገባ ሳይደርቅ ከተከመረ በውስጡ ያለው እርጥበት ተሐዋስያንን ያራባል፣ ሙቀት ይፈጠራል፣ ሙቀቱም መውጫ ሲያጣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ ክምሩ ከመሐሉ ሊቀጣጠል ይችላል። መፈተሻው ቀላል ነው፦ ረጅም ፌሮ ብረት እስከ ክምሩ መሐል ይሰኩ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ይተዉት፣ ከዚያ ነቅለው ጫፉን ይዳስሱ። በእጅ ሊያዝ የማይችል ትኩስ ከሆነ ወይም የተቃጠለ ስኳር የመሰለ ሽታ ከሸተተ ክምሩን ብቻዎን አይነካኩት፤ አየር ባገኘ ቅጽበት ሊነድ ይችላልና ሰውና ውኃ ከተዘጋጀ በኋላ ብቻ ይናድ። የእህልም ሆነ የጭድ ክምር ከመኖሪያ ቤትና ከሌላው ክምር በተቻለ መጠን ይራቅ፤ ሁሉንም በአንድ አውድማ ዙሪያ ማስጠጋት ለጥበቃ ይመቻል፣ ለእሳት ግን የዓመቱን ጉልበት በአንድ ላይ ማቅረብ ነው።

እሳት ሲነሣ

ቅደም ተከተሉ ሰው፣ ጥሪ፣ መብራት፣ ከዚያ ማጥፋት ነው። «እሳት!» ብለው ይጩኹ፣ ቤት ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ያስወጡ። ጭስ ከሞላ ንጹሑ አየር ወለሉ አጠገብ ስለሆነ አፍና አፍንጫን በጨርቅ ሸፍኖ እየዳሁ መውጣት ይገባል። የተዘጋ በር ከመከፈቱ በፊት በእጅ ጀርባ ይነካ፤ ከጋለ አይከፈት። ሲወጡ ከኋላዎ ያለውን በር ይዝጉት፤ አየር ያጣ እሳት ይዘገያል። አንዴ ከወጡ በኋላ ለዕቃ ተብሎ ተመልሶ መግባት የለም።

የሚደውለው ሰው ስሙን አስቀድሞ ሳይሆን ቦታውን አስቀድሞ ይናገር። የቤት ቁጥርና የመንገድ ስም ስለማይረዳ በታወቀ ምልክት መናገር ያስፈልጋል፦ «ከተማው እገሌ፣ ቀበሌ እገሌ፣ ከሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በታች ወፍጮ ቤቱ ጋ፤ የቆርቆሮ ቤት ነው፣ ሁለት ቤት ተያይዟል፤ ውስጥ አንዲት እናት አሉ፤ ቡታጋዝ አለ፤ መኪና እስከ ወፍጮ ቤቱ ይገባል፤ አስፋልቱ ላይ ቢጫ ጨርቅ የያዘ ልጅ ይጠብቃችኋል።» ተቀባዩ እስኪያሰናብት ድረስ ስልኩ አይዘጋ።

መብራቱ ከቆጣሪው ይቋረጥ። ቆጣሪው ራሱ እየነደደ ከሆነ ወይም ሽቦ መሬት ላይ ከወደቀ ማንም አይጠጋ፤ 905 ይደወል፤ መብራቱ መቋረጡ እስኪረጋገጥም ውኃ አይረጭ።

ትንሽ እሳት፣ ማለትም ገና ከወገብ ያልበለጠና መውጫውን ያልዘጋ እሳት፣ በቤት ባለ ነገር ይጠፋል። ዘይት የነደደበት ድስት ላይ ውኃ ከተደፋ እሳቱ እስከ ጣሪያ ይዘላል፤ ምድጃው ይጥፋ፣ ክዳን ከጎን በኩል እየተንሸራተተ ይደፈንበት፣ እስኪበርድም አይከፈት። በሰው ልብስ ላይ ለተያያዘ እሳት ሰውየው እንዳይሮጥ ይዘው መሬት ላይ ያስተኙት፣ ያንከባልሉት፣ በወፍራም ልብስ ይሸፍኑት። ለዚህ የመንዝ ባና የሚያክል መልካም ነገር የለም፤ የበግ ጠጉር በቀላሉ አይነድም፣ አይቀልጥም፣ ውኃ ሲነከር ደግሞ እሳቱን አፍኖ ይይዛል። ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ብርድ ልብስ ግን ቀልጦ ከቆዳ ጋር ይጣበቃል፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

የዱቄት ማጥፊያ ካለ መውጫውን ከኋላዎ አድርገው ከ2 እስከ 3 ሜትር ይራቁ፣ ማሰሪያውን ሰብረው ቀለበቱን ይንቀሉ፣ አፈ ሙዙን ወደ ነበልባሉ ሳይሆን ወደ እሳቱ ሥር ያነጣጥሩ፣ እጀታውን ጨምቀው ከግራ ወደ ቀኝ እየጠረጉ ይርጩ። ባለ 6 ኪሎ ማጥፊያ 20 ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው የሚቆየው፤ በእነዚያ ሰከንዶች ካልጠፋ ትተው ይውጡ። የመለኪያው ቀስት አረንጓዴው ላይ መሆኑ በየወሩ ይታይ።

የሳር ቤት ከተያያዘ ቤቱን ለማዳን ጉልበት ከማባከን ቀጥሎ ያለውን ማዳን ይበልጣል። ነፋሱ በሚሄድበት አቅጣጫ ያሉት የጎረቤት ክዳኖች በውኃ ይራሱ፤ በአጠናው የሚነደው ሳር ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ ባዶው ግቢ ይጎተት። ከብቶች ቀድመው ይፈቱ፣ በረቱም ይዘጋ፤ የደነገጠ በሬ ወደሚያውቀው ጋጣ ተመልሶ ይገባል። ከእሳቱ አጠገብ ያለ የጋዝ ሲሊንደር ሊወጣ ካልቻለ ሰው ሁሉ ይራቅ፣ ለሚደርሱት ሠራተኞችም የት እንዳለ ይነገር።

መኪናው ሲደርስ

ከዚህ ጊዜ ጀምሮ አዛዡ የእሳት አደጋ ኃላፊው ነው። የቤቱ ባለቤት ወይም ቤቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ቀርቦ ሰው ውስጥ መቅረቱን፣ መብራት መቋረጡን፣ ሲሊንደርና ነዳጅ ያለበትን ቦታ፣ የቅርቡን ውኃ ይንገር፤ ሃያ ሰው በአንድ ጊዜ ሲናገር የሚሰማ የለም። የውኃ ጎማ ላይ አይቆም፣ ባጃጅም አይንዳበት። ሕዝቡ ከመንገዱ ይነሣ፣ በተለይ መኪናው ውኃ ሊሞላ ሲወጣ መንገድ ይለቀቅለት። ውኃ አለቀ ብሎ የሚመለስን ሠራተኛ በድንጋይና በስድብ መቀበል አንዳንድ ቦታ የታየ ነውር ነው፤ ከላይ ያለውን የ10 ደቂቃ ስሌት ያስታውሱ።

ሜዳና ደን

ባሕር ዛፍ ቅጠሉ ዘይት አለው፤ ከሥሩ የሚከማቸው ደረቅ ቅጠልና ልጣጭ ከተያያዘ እሳቱ ወደ ጫፍ ይወጣል። በቤትና በባሕር ዛፍ መሐል ያለው መሬት ይጠረግ። እሳት ዳገት ላይ በ10 ዲግሪ ተዳፋት ፍጥነቱ በግምት በእጥፍ ስለሚጨምር ከእሳቱ በላይ ሆኖ መዋጋት አደገኛ ነው፤ ከጎን ወይም ከተቃጠለው ክፍል ተነሥቶ በእርጥብ ቅጠልና በአካፋ መምታት ይሻላል። በመንዝ ጓሳ ላይ፣ ሕዝቡ ለዘመናት ቄሮ በሚባለው የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት የጠበቀው ሳርና አስታ ሲደርቅ አንዲት የእረኛ እሳት ብዙ ታጠፋለች፤ የማር ቆራጭና የእረኛ እሳት በአፈርና በውኃ ሳይጠፋ ማንም አይነሣ።

በኅዳር ሚካኤል ዋዜማና ዕለት፣ ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጀምሮ በየደጁ ቆሻሻ ይቃጠላል። ቆሻሻው ከአጥር ይራቅ፣ ባትሪና የሽቶ ጣሳ ይለይ፤ ነፋስ ከበረታ ማቃጠሉ ይቅር። ለደመራና ለቡሄ ችቦም ይኸው ይጠበቅ።

በመንገድ ላይ

በጣርማ በር ጉምና ቁልቁለት የነዳጅ ቦቴ ከተገለበጠ የሚፈሰውን ነዳጅ ለመቅዳት ጄሪካን ይዞ መሮጥ በአንድ ብልጭታ ብዙ ሰው ይጨርሳል። ከነፋሱ በላይ በኩል በመቶዎች ሜትር ይራቁ፣ መኪናዎችን ከሁለቱም ወገን ያስቁሙ፣ 991 ይደውሉ፣ ሲጋራና ሞተር ይጥፋ። ሰው የገባበት ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥም ያለ ገመድና ያለ ባለሙያ ተከትሎ መግባት አይገባም፤ የመጀመሪያውን የጣለው መጥፎ አየር ሁለተኛውንም ይጥላል።

ለተቃጠለ ሰው፤ ከእሳቱም በኋላ

የተቃጠለው አካል በቀዝቃዛ በሚፈስ ውኃ ለ20 ደቂቃ ይቀዝቅዝ፤ ቀለበትና አምባር ሳያብጥ ይውለቅ፤ ከቆዳ የተጣበቀ ልብስ አይላጥ፤ ቁስሉ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ሊጥ አይቀባ፤ ሙቀቱን ውስጥ አፍነው ይይዛሉ፣ ሐኪሙም ለማጠብ ሲል እንደገና ያሠቃያል። ፊት፣ እጅ ወይም ብልት የተቃጠለ፣ ጭስ የዋጠ ወይም ሕፃን ከሆነ ጊዜ ሳይሰጥ ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

እሳቱ ጠፋ ከተባለ በኋላ ሌሊቱን ሁለት ሰው ያድር። በጭቃ ቤት ውስጥ የተቀበረው ማገር በልስኑ ስር እየጤሰ ይቆያል፤ ግድግዳው በየሰዓቱ በእጅ ጀርባ ይዳሰስ፣ የጋለበት ይፈልፈልና ውኃ ይግባበት። መብራት በባለሙያ ሳይታይ አይቀጠል። የፖሊስ ማስረጃ በማግስቱ ይጠየቅ፣ ጉዳቱም ፍርስራሹ ሳይነሣ ፎቶ ይነሣ። የማጥፊያ ዱቄት ወይም ላምባ የነካው ዱቄትና እህል ለሰውም ለከብትም አይሰጥ።